ውሃው የት ገባ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ የጭነት መኪና ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ይወጣል። አሮጌው ይይዛል፣ አዲሱም ይይዛል፣ ትናንት ከጋራዥ የወጣውም ይይዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ያረጀ መኪና ውሃ ቢጠጣ ዕድሜው ነው ይባላል። ተፈትቶ፣ ዕቃ ተቀይሮለት፣ የእጅ ዋጋ ተከፍሎበት፣ «በቃ፣ አለቀ፤ መልካም መንገድ» ተብሎ የተሸኘ መኪና ኮሶዬ ሳይደርስ ራዲያተሩ ሲጎድልስ ምን ይባላል? ረዳቱ ወርዶ ጀሪካኑን ያነሳል፤ ሹፌሩ ስልኩን ያነሳል፤ ከወዲያ መካኒኩ «መልሰውና እናየዋለን» ይላል። መጀመሪያውኑ ለምን አልታየም?

ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ከዳባትና ከወቀን ገብስ የሚያወርደው፣ ወደ ደባርቅ ሲሚንቶ የሚያወጣው፣ በመተማ መስመር ሰሊጥ የሚጭነው፣ ሁሉም የሚያማርረው ይህንኑ ነው። አዘዞ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሹፌሮች አጠገብ ቁጭ ያለ ሰው ይሰማዋል። አንዱ የውሃ ፓምፕ ቀይሯል፤ አሁንም ይጠጣል። ሌላው ራዲያተሩን አስበይዷል፤ አሁንም ይጠጣል። ሦስተኛው የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አስወርዶ ማሸጊያውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ለውጧል፤ እሱም ይጠጣል። ሁሉም ከፍለዋል። ውሃው የት እንደሚገባ ግን ለአንዳቸውም የነገራቸው የለም።

የእኛም መኪና ነገር ከዚህ አይለይም። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ከባድ መኪና ነው። ከፊት በኩል መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበርና የውሃ ፓምፑ ተቀየረ። መንጠባጠቡ ቆመ፤ መጉደሉ ግን አልቆመም። ከዚያ «ራዲያተሩ ነው» ተባለ፤ ወርዶ ታጠበ፣ ተበየደ። ቀጥሎ የውሃ ቱቦዎቹ፣ ማኒኮቶዎቹ፣ ከነማሰሪያ ፋሸታቸው ተለወጡ። በመጨረሻ «ቴስታታ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም» ተብሎ ተፈረደ። ማስረጃ የተባለው ሞተሩ ተነስቶ የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት ውስጡ የሚንተከተክ አረፋ መታየቱ ነበር። ቴስታታው ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባለት። ተገጥሞ ሲነሳ አረፋው እንዳለ ነው።

እያንዳንዱ ጥገና ደግሞ የራሱን ጣጣ ጥሎ ይሄዳል። ራዲያተሩ ወርዶ ሲሰቀል የታችኛው ማኒኮቶ በቅጡ አልጠበቀም ነበርና ሌሊት ሌሊት ማንጠባጠብ ጀመረ። አሁን ሁለት ፍሳሽ ሆነ፤ የድሮውና ጋራዡ የጨመረው። በዚህ ላይ አየር አለ። ውሃው ተደፍቶ እንደገና ሲሞላ ሞተሩ ውስጥ አየር ተደብቆ ይቀራል፤ መኪናው ትንሽ እንደሄደ አየሩ ይወጣና የውሃው ልክ ዝቅ ይላል። ይህ ፍሳሽ አይደለም። ግን ማን ይለየዋል? በወጉ የሠራ ባለሙያ አየሩን አስተንፍሶ፣ ሞልቶ፣ ሞተሩን አሙቆና አቀዝቅዞ፣ ልኩን ምልክት አድርጎ ነው የሚያስረክበው። ያልሠራው እስከ አፍ ገደፉ ይሞላና ክዳኑን ገጥሞ ይሸኛል። ባለመኪናው በማግስቱ ጉድለት ሲያይ የትኛውን ጉድለት እንዳየ አያውቅም።

ነገሩን የፈታው አንድ አረጋዊ መካኒክ ነው። ሹፌራችን «ጋሼ፣ ቴስታታው እኮ ተሠርቷል» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ «ቴስታታውን ተወውና ልጄ፣ የሚጎድለው ቆሞ ነው ሲሄድ? ሲወጣ ነው ሲወርድ? ፍሬን አብዝተህ በያዝክ ቀን አይብስበትም?» ብለው ጠየቁት። ሹፌሩ አሰብ አደረገና የሊማሊሞን ቁልቁለት በወረደ ቁጥር እንደሚብስ ነገራቸው። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቀው ሰው አልነበረም! ሽማግሌው ጎማዎቹን በድንጋይ አስያዙ፤ ከአየር ኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን ቱቦ ፈቱና አየሩ ወደ ውጭ እንዲተነፍስ አደረጉ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ የራዲያተሩን አፍ አዩ። አረፋው የለም። ቱቦውን መልሰው አሰሩ፤ ታንከሮቹ አየር መሙላት ሲጀምሩ አረፋው መጣ።

ሥራው እንዲህ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው፤ አየሩን የሚያመርተው ኮምፕሬሰር ደግሞ እንዳይግል የሞተሩ ውሃ በኮምፕሬሰሩ ራስ ውስጥ ይዞራል። የኮምፕሬሰሩ ጓርኒሲዮን ሲበላ የታመቀው አየር ወደ ውሃው መንገድ ይገባል። አየሩ ራዲያተሩን ያጨናንቅና ውሃውን በክዳኑ በኩል በትርፍ ቱቦው ገፍቶ ያስወጣዋል። መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ዘይቱ ወተት አልመሰለም፣ ጭሱም ነጭ አይደለም፤ ውሃው ግን ይጎድላል፣ ራዲያተሩም ይንተከተካል። ምልክቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከበላ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት ነው። የሚለያቸው ያ የቱቦ ሙከራ ነው፤ ቁልፍና ጥቂት ደቂቃ እንጂ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ያንን ሙከራ ሳያደርግ ቴስታታ ያወረደ ጋራዥ በደመነፍስ ነው የሠራው። ለደመነፍሱም ያስከፈለው እኛን ነው።

እዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ ልናገር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በደባርቅ መንገድ ላይ ያለው የወገራው አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ደባርቅም ከ2,800 ብዙ አይርቅም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ጎንደር ላይ በ93፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሳለ 90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ታዲያ ለምን ሁሌ አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ወደ አንድ ባር የሚጠጋ ግፊት ከያዘ ውሃው አምባ ጊዮርጊስ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይታገሳል። ግፊቱ በትንሽ ቀዳዳ ካመለጠ ግን ያ ሁሉ መታገሻ ይጠፋል። ቆላ ላይ ወይም አዳማ ሜዳ ላይ ሹፌር ሳያውቀው ወር የሚያዘግም ቀዳዳ ወገራ ዳገት ላይ በአንድ ጠዋት ሞተር ያፈላል።

ስለዚህ የእኛ አገር ጋራዥ ከማንም ይልቅ ግፊት መለካት ነበረበት። የራዲያተር ግፊት መሞከሪያ የሚባለው መሣሪያ የእጅ ፓምፕና የግፊት ሰዓት ነው፤ ረቂቅ ነገር የለውም። በራዲያተሩ አፍ ላይ ይገጠማል፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይነፋል፣ ከዚያ እጅን አጣምሮ ሰዓቱን ማየት ነው። ቀስቱ ካልወረደ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ የለም ማለት ነው፤ ነገሩን ሲግል ብቻ ከሚያፈስ ቀዳዳ ወይም ሞተሩ ሲሠራ ብቻ አየርና ጋዝ ከሚያሳልፉት ኮምፕሬሰርና ቴስታታ መፈለግ ነው። ከወረደ ውሃው ከየት እንደሚወጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ቬንቲላተሩ ሳይዞር፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ መፈለግ ይቻላል። ከውጭ ጠብታ ሳይታይ ቀስቱ ከወረደ ነገሩ ከውስጥ ነው፤ ያኔ ስለ ቴስታታ፣ ስለ ኮምፕሬሰሩ፣ ስለ ዘይት ማቀዝቀዣው፣ ስለ ሲሊንደሩ ካሚቻ ጎማ ማውራት ይቻላል። ክዳኑም በዚሁ መሣሪያ ይሞከራል። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ በመሣሪያ ለክቶ የሰጠኝ ጋራዥ ግን አላጋጠመኝም። ሁሉም አገላብጦ ያያል፣ ላስቲኩን በጣቱ ይነካል፣ ይመልሰዋል።

አንዳንዱ ፍሳሽ ደግሞ ሰዓት አለው። ደባርቅ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውሃ ሊያረጋ ይደርሳል። በዚያ ብርድ ማኒኮቶ ይኮማተራል፣ ፋሸታ ይላላል፣ ሲነጋ ከመኪናው ሥር እርጥበት ይታያል። ሞተሩ ሲሞቅ ሁሉም ተለጥጦ ይዘጋል። መኪናው ጎንደር ወርዶ ጋራዥ ሲገባ ሞቋል፤ ደረቅ ነው። «ምንም የለውም» ይባላል። ሌላው የሚያፈሰው ሲግልና ግፊት ሲበዛ ብቻ ነው፤ ጠብታው የጋለው ብረት ላይ ወድቆ ተንኖ ስለሚጠፋ ማንም አያየውም። በጋራዥ ግቢ ውስጥ በባዶው ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው። በሽታው የሚወጣው ጭኖ ዳገት ሲይዝ ነው። ከጥገና በኋላ ከግቢው አስወጥቶ አንድ ዳገት የሞከረ ጋራዥ ስንት አለ?

ዱካውን የምናጠፋው ደግሞ በወንዝ ውሃ ነው። ቀለም ያለው ኩላንት ያፈሰሰበት ቦታ አረንጓዴ ወይም ቀይ እድፍ ትቶ ይደርቃል፤ ባለሙያ እድፉን ተከትሎ ቀዳዳው ላይ ይደርሳል። ንጹሕ ውሃ ምንም አይተውም። ኩላንት የሚያስፈልገው ለውርጭ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው ጥቅሙ ሞተሩን ከውስጥ ከዝገት መጠበቁ ነው፤ ባዶ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ቅርፊት በራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ እየጋገረ ይዘጋቸዋል፣ የናፍጣ ሞተር ካሚቻንም በጥቃቅን ቀዳዳ ይበሳል። ከባድ መኪና ከ30 እስከ 40 ሊትር ይይዛል፤ በኩላንት መሙላት ቀላል ወጪ አይደለም። ጥገናው ትክክል ቢሆን ግን አንዴ ይሞላል፣ ይቆያል። በየሳምንቱ ለሚፈስ ሞተር ማን ኩላንት ይገዛል? ከጀሪካኑ ይቀዳለታል። (ኩላንት ከመሬት ላይ ሲደፋ ከብትና ውሻ እንዳይልሰው መጠንቀቅ ነው፤ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ይገድላል።)

የውሃ ፓምፕ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሠሪው አውቆ የተዋት ናት፤ የፓምፑ ማሸጊያ ሲበላ ውሃው በእሷ ይንጠባጠብና «ጊዜዬ ደርሷል» ይላል። እሷን በሲልከን ደፍነው የሸኙ ጋራዦች እንዳሉ ስሰማ ማመን አቅቶኝ ነበር፤ በዓይኔ አየሁት። የተደፈነው ውሃ ወደ ኩሽኔታው ይገባል፣ ኩሽኔታው ይሰበራል፣ ፓምፑ መንገድ ላይ ይቆማል። ቴርሞስታትም እንዲሁ ነው። መኪና ፈላ በተባለ ቁጥር ተፈትቶ ይጣላል። ወገራ ላይ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቁልቁለት ሲወርድ ይበርዳል፤ የበረደ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፣ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ይዞራልና መፍላቱ ይብሳል። እነዚህ ሁለቱ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይመስሉኝም። ፈጥኖ የመገላገል ጉዳይ ናቸው።

ለመካኒኮቹ ያለኝን ሐዘኔታ አልደብቅም። ብርድ ላይ ካርቶን አንጥፈው ከመኪና ሥር የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚመጣው ዕቃም፣ ለራሳቸው የሚገዙት መሣሪያም አብሮ ሰማይ ወጣ። ኦሪጅናል ነው ተብሎ የተሸጠ ጓርኒሲዮን ኮፒ ሆኖ ሲገኝ ስሙ የሚጠፋው የገጠመው ነው። ባለንብረቱም «ዛሬ ካልወጣልኝ» እያለ ከራሳቸው ላይ ይቆማል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አየር ቱቦ ፈትቶ አረፋ ለማየት ዶላር አያስፈልግም። ሹፌሩን «መቼ ነው የሚጎድለው?» ብሎ ለመጠየቅ ዶላር አያስፈልግም። የቴስታታ ብሎን በተራውና በልኩ ለማጥበቅ የማጥበቂያ መለኪያ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ እሱን ቢያንስ ሦስት አራት ጋራዦች ተጋርተው ሊገዙት ይችላሉ። ብዙዎቹ «እጄ ሚዛን ነው» ይላሉ። እጅ ሚዛን ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ቁጥር ባልጻፈ ነበር።

ለይቶ አለማወቅ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት የቻይናውን የጭነት መኪና ሲኖትራክን እንውሰድ፤ በየከተማው በዝቷል። የብዙዎቹ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ ያለው ነው፤ አንዱ ጓርኒሲዮን ቢበላ አንዱን ብቻ ማውረድ ይበቃል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግን የትኛው እንደሆነ ለይቶ ላወቀ ሰው ብቻ። ሳይለዩ «ስድስቱንም እናውርድ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጸጋው ወደ ስድስት እጥፍ ወጪ ሲለወጥ ማለት ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የምለው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ ያውቀዋል፤ አንድ በኩል ግድግዳ፣ አንድ በኩል ገደል ነው። እዚያ ላይ ሞተር ነክሶ የቆመ ከባድ መኪና መንገዱን ለሁሉም ይዘጋል። የእኛው የኮምፕሬሰር ብልሽት ደግሞ ከውሃ መጉደል የከፋ ጣጣ ነበረው። ሞተሩ በቆመ ጊዜ ውሃው በተበላው ጓርኒሲዮን አልፎ ወደ አየሩ መስመር ይገባል፤ ሽማግሌው የአየር ታንከሩን ሲያስተነፍሱት ውሃ ተፍቷል። በፍሬን ቫልቭ ውስጥ ውሃ ይዞ ሊማሊሞን መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለሹፌር አይነገርም። ያ መኪና ቴስታታው ተሠርቶ «ጤነኛ ነው» ተብሎ ተሸኝቶ ነበር! መንገድ ላይ ማደርም እንደ ድሮው ብርድ ብቻ አይደለም። ሰው ከመንገድ የሚታገትበት ዘመን ላይ ነን፤ በዚህ መሀል ሹፌርና ረዳት የተበላሸ መኪና ሲጠብቁ እንዲያድሩ ማድረግ በሰው ነፍስ መቀለድ ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2610 እንዲህ ያለው የሥራ ውል ሥራ ተቀባይ በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ውል እንደሆነ ተጽፏል። ውጤት ነው የተባለው። መፍታትና መግጠም ውጤት አይደለም። ውሃ የሚጠጣ መኪና አስገብቼ ውሃ የሚጠጣ መኪና ስረከብ የከፈልኩበት ነገር አልተሰጠኝም። ይህን ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፤ እኔም አልሄድም፤ ነገ የምመለሰው እዚያው ጋራዥ መንደር ነው። ግን ሕጉ የማን ወገን እንደሆነ እንወቅ።

የአውቶሞቲቭ ትምህርት የሚሰጡ የጎንደር አሠልጣኞችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጆቹን ሞተር መፍታት ከማስተማራችሁ በፊት ሳይፈቱ ማወቅን አስተምሯቸው። ከእናንተ ዘንድ ወጥቶ ጋራዥ የገባ ልጅ የግፊት መሞከሪያ አይቶ የማያውቅ ከሆነ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ባለመኪኖችም አሮጌውን ዕቃ ተረከቡ፤ ምኑ ተበላ፣ ምን ታየበት ብላችሁ ጠይቁ። ሹፌሩ መቼና የት ስንት ሊትር እንደጨመረ በወረቀት ጽፎ ይምጣ፤ ግማሹ ምርመራ እሱ ነው።

ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞቻችን፣ ምርመራን በነጻ የሚሠራ ትርፍ ሥራ አታድርጉት። ዋጋ አውጡለት፤ ከጥገናው ለይታችሁ ጻፉት፤ መኪናው ከመፈታቱ በፊት ግፊቱን ለኩ፣ ከተገጠመም በኋላ ጭኖ ኮሶዬ ድረስ ይውጣና አብራችሁ እዩት። እንከፍላለን። ሦስት ጊዜ ለስህተት ስንከፍል የኖርን ሰዎች አንድ ጊዜ ለእውነቱ መክፈል አያቅተንም።